አዴር ጃማ የወሰደው ማንበቢያ

ባለፈው ሳምንት በዩኒቨርሲቲያችን ቤተ ሙከራ ለመጀመሪያ ጊዜ የብየዳ ብረት አስያዙን። መምህራችን ሊድ የሚሉትን ማጣበቂያ ሽቦ በጋለው ጫፍ ነካ ሲያደርገው ውስጡ ያለው ሙጫ ቀልጦ ቀጭን ነጭ ጭስ ተነሳ። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ አፍንጫዋን ይዛ «ውይ፣ ሲከረፋ!» አለች። እኔ ግን ጠጋ ብዬ አሸተትኩት። ወዲያው ጥርሴን እንደነከስኩ ታወቀኝ። መምህሩ አይቶኝ «አመመሽ እንዴ ኢክራም?» ሲለኝ «ደህና ነኝ» አልኩት። አላመመኝም፤ ተናድጄ ነበር። የተናደድኩት ደግሞ የአስራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ እቤታችን በተደረገ ነገር ነው።

ንዴት በጊዜ ይበርዳል ሲሉ እሰማለሁ። የኔ አልበረደም። ስለዚህ ነገሩን እንደነበረ ልጻፈው።

ያ ሽታ የታላቅ ወንድሜ የሙክታር ሽታ ነው። ሙክታር ሀርጌሳ፣ ዋሄን ገበያ ውስጥ፣ በገንዘብ መንዛሪዎቹና በሽቶ ሻጮቹ መካከል በተሸጎጠች ጠባብ ሱቅ ስልክ ይጠግን ነበር። እናቴ ሸሚዙን በምን ሳሙና ብታጥበው ያ የሙጫ ጭስ አይለቅም። «አንተን የምታገባ ልጅ አፍንጫ የሌላት መሆን አለባት» ትለው ነበር። እሱም «አፍንጫ ከሌላትማ መነጽሯን በምን ትይዛለች?» ይላታል።

ቤታችን ማሕሙድ ሃይቤ የሚባል ሰፈር ነበር፤ ሰማያዊ የብረት በር፣ ሲሚንቶ የተደረገበት ሰፊ ግቢ፣ ሦስት ክፍል። «ቤታችን» የምለው ልማድ ሆኖብኝ እንጂ የኛ አልነበረም። ባለቤቱ የአባቴ የአጎት ልጅ ጃማ ነው። እኛ ልጆቹ «አዴር ጃማ» እንለው ነበር፤ አዴር በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው። የሚኖረው ለንደን ነው። ከድሬዳዋ ወደ ሀርጌሳ ስንመጣ «ባዶውን ከሚቀመጥ ግቡበት» ብሎ ሰጠን። እኔ ያኔ ገና በእቅፍ ነበርኩ። ከዚያ በኋላ አባቴ ግድግዳው ላይ ሚስማር ለመምታት እንኳ መጀመሪያ ለንደን ይደውል ነበር። አንድ ጊዜ እናቴ ግቢው ውስጥ ሎሚ ልትተክል ችግኝ ገዝታ መጣች። አባቴ «ቆይ፣ ጃማን ልጠይቀው» አለ። ጃማ ስልክ ሳያነሳ ሰነበተና ችግኙ በጣሳው ውስጥ እንዳለ ደረቀ።

አብራን ኤዶ ፎውዚያ ትኖር ነበር። ኤዶ ማለት የአባት እህት ናት። አባቴን በአስር ዓመት ያህል ትበልጠዋለች፤ እኛ ግን «አንቺ» ነው የምንላት። የድሬዳዋ ሰው አንቱታ አያውቅም፤ ታላቁንም ታናሹንም «አንተ» «አንቺ» ብሎ ነው የሚያድረው። ኤዶ ዕድሜዋን የጨረሰችው ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ትኬት ስትቆርጥ ነው። በአንዱ ባቡርና በሚቀጥለው መካከል ልብ ወለድ ታነባለች። «ባቡሩ ሲዘገይ ሰው ሁሉ ይሳደባል፤ እኔ አልሐምዱሊላህ እላለሁ» ትል ነበር። ሀርጌሳ ስትመጣ ግን የአማርኛ መጽሐፍ የሚሸጥበት ሱቅ አላገኘችም። ይዛው የመጣችው ሁለት መጽሐፍ ከመነበብ ብዛት ቅጠሉ ረገፈ።

ከዚያ ደግሞ ዓይኗ መድከም ጀመረ።

«ስኳሩ ዓይኗ ድረስ ገብቷል» ሲባል ሰማሁ። እኔ የመሰለኝ፣ ሻይዋ ውስጥ ስኳር ስትጨምር እጇ ላይ የቀረውን ይዛ ዓይኗን ስታሽ የገባ ነው። ስለዚህ ሻይ በጠጣች ቁጥር ማስታጠቢያ ይዤ እቆምላታለሁ። «ምን ሆነሻል አንቺ ልጅ? ቀኑን ሙሉ ታስታጥቢኛለሽ! ድግስ አለ እንዴ?» ትለኛለች። ምክንያቱን አፍሬ አልነገርኳትም። ስኳር የሚሉት በሽታ እንደሆነ ያስረዳኝ ሙክታር ነው፤ እሱም ስቆ ስቆ ሲያበቃ።

ሐኪሙ የነገራት አጭር ነበር። ያላት ዓይን እየቀነሰ ይሄዳል፤ ምን ያህል እንደሚቆይ ማንም አያውቅም፤ እስከዚያው ትጠቀምበት። የስልክ ብርሃን እንደ አሸዋ ይቆረቁራታል። የመጽሐፍ ፊደል ጉንዳን ሆኖባታል። እኛ እናንብብልሽ ብንላት አትወድም። «ሰው ሲያነብልኝ መጽሐፉ የሱ ይሆናል። እኔ ፊቱን ሳይ እውላለሁ» አለች።

ሙክታር ያን ማንበቢያ ለመሥራት የተነሳው በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ ስልኩ ላይ ቪዲዮ አሳየን። ኢ-ፔፐር የሚባል ስክሪን አለ። እንደ ስልክ ብርሃን አይተፋም፤ ልክ እንደ ወረቀት ነው፤ ፀሐይ ሲበረታበት እንዲያውም ይበልጥ ይጎላል። ስክሪኑን ከትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ጋር አገናኝቶ፣ ባትሪና ሚሞሪ ካርድ ጨምሮ፣ መጽሐፍ ማንበቢያ መሥራት ይቻላል። ፊደሉን ደግሞ የፈለጉትን ያህል ማተለቅ። ኤዶ ሰምታ ሰምታ «ስልክ ጠጋኝ ነህ ወይስ ዓይን ጠጋኝ?» አለችው።

ስክሪኑን ዕቃ ከዱባይ በሚያስመጣ ነጋዴ በኩል አስላከ። የመጀመሪያው መጣ፤ ሙክታር የኋላ ኪሱ ውስጥ ከቶት ባጃጅ ውስጥ ተቀመጠበት። ቤት ደርሶ ሲያወጣው መስተዋቱ እንደ ሸረሪት ድር ተሰንጥቋል። ያን ቀን እራት አልበላም። ሁለተኛውን ደረቱ ላይ በፎጣ ጠቅልሎ ከዋሄን እስከ ቤት በእግሩ ይዞት መጣ።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ሳምንታት በልጅነቴ ከማስታውሳቸው ሁሉ ደስ ያሉኝ ናቸው። ከትምህርት ቤትና ከቁርዓን ቤት ስመለስ ሙክታር ግቢው ውስጥ ሰሌን አንጥፎ ሊድ ያቀልጣል። ባትሪው ከሞተ ስልክ የወጣ ነው። ሦስቱ ቁልፎች ከተበላሸ ሬዲዮ የተነቀሉ ናቸው። ማቀፊያው ደግሞ የእናቴ የምሳ ዕቃ ክዳን ነበር፤ ሳትሰማ በቢላ ቆርጦት «ክዳኔን! ያ ሌባ ክዳኔን!» እያለች ግቢውን ሦስቴ አዞረችው።

መጀመሪያ ሲበራ ስክሪኑ ላይ የታየው ፊደል ሳይሆን ሳጥን ነው። በመስመር በመስመር የተደረደረ ባዶ ሳጥን። ኤዶ አስጠግታ አይታ «መጽሐፍ ነው ያልከኝ፤ ይሄ መስኮት ብቻ ያለው ፎቅ ነው» አለች። ለካ ቦርዱ የሚያውቀው የእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ ነው። ሙክታር የአማርኛን ፊደል አንድ በአንድ፣ በየመጠኑ፣ በነጥብ እየተሠራ ወደ ቦርዱ እንዲገባ ማድረግ ነበረበት። ብዙው ተበላሽቶ ይወጣል፤ አንዱ እግር ያጥረዋል፣ ሌላው ራሱ ይቆረጣል። የተበላሸውን ለይቶ የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል። ያ ሥራ የኔ ሆነ።

ችግሩ እኔ አማርኛ እናገራለሁ እንጂ ማንበብ አልችልም ነበር። ትምህርት ቤታችን የሚያስተምረው ሶማሊኛና እንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ኤዶ ፊደሉን በጣቷ ሲሚንቶው ላይ በውሃ ትጽፍልኛለች፤ እኔ ከመድረቁ በፊት ስክሪኑ ላይ ካለው ጋር አስተያያለሁ። ፀሐዩ ስለሚያደርቀው መፍጠን አለብኝ። «የ‹ጨ› ወገቡ የለም!» እላለሁ ጮክ ብዬ። ሙክታር «እሺ፣ መቀነት እንፈልግለታለን» ይላል። ዛሬ ይሄን በአማርኛ መጻፍ የቻልኩት በዚያ ውሃ ነው።

አንድ ነገር ግን አስፈርቶኝ ነበር። ሙክታር ባትሪውን ሲነቅለው እንኳ ገጹ ስክሪኑ ላይ እንዳለ ይቀራል። እኛ ቤት መብራት ውድ ስለሆነ እናቴ ከክፍል በወጣች ቁጥር ሶኬት ሁሉ ትነቅላለች፤ የተነቀለ ነገር ይጠፋል፤ የማውቀው ይሄን ነው። «ማን ይዞት ነው የማይጠፋው?» ብዬ ጠየቅኩት። ሙክታር ፊቱን ሳይለውጥ «ኤዶን ፈርቶ ነው» አለኝ። አመንኩት። ኤዶን እኔም እፈራት ነበር።

ያለቀ ቀን ኤዶ ነጭ ሻሿን አሳምራ አስራ፣ ግቢው መሃል፣ ፀሐዩ ላይ ወንበር አስወጣች። ሙክታር በቴሌግራም ያገኘውን አንድ ረጅም ልብ ወለድ ጭኖላት ነበር። ማንበቢያውን ጭኗ ላይ አደረገችው። የመጀመሪያውን ገጽ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ጨረሰች። ቁልፉን ስትጫን ስክሪኑ ጥቁር ሆነ፣ ነጭ ሆነ፣ እንደገና ጥቁር ሆነ። «አዑዙ ቢላህ!» ብላ ልትወረውረው ምንም አልቀራት። ሙክታር እጇን ይዞ «ኤዶ፣ ኤዶ፣ ፊቱን እየታጠበ ነው። ሁሌ ገጽ ሲቀየር ይታጠባል» አላት። አዲሱ ገጽ ጥርት ብሎ ወጣ። ኤዶ ትንሽ አየችውና «እንደ ኢክራም ነዋ» አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኤዶ ፀሐይ መሃል ናት። ሀርጌሳ ውስጥ በቀትር ሰው ሁሉ ጥላ ሲፈልግ፣ እሷ ጥላ ሲመጣባት ወንበሯን እየጎተተች ትሸሻለች። ጎረቤቶች በበሩ እያዩ እናቴን «ፎውዚያ ደህና ናት?» ብለው በሹክሹክታ ይጠይቁ ነበር። የምታነበው ከባሏ ቤት ወጥታ በጭነት መኪና ወደ አሰብ ስለምትሄድ ሴት ነው። ምሳ ላይ እስከ ደረሰችበት ትነግረናለች። አንዳንዴም ከግቢው «አትመኚው! ሾፌሩን አትመኚው!» ስትል እንሰማታለን። አባቴ እንኳ ከሥራ ሲገባ «ሴትዮዋ የት ደረሰች?» ማለት ጀምሮ ነበር።

ሐምሌ ላይ አዴር ጃማ መጣ።

ለዕረፍት ከውጭ አገር የሚመጡትን ሰዎች ሀርጌሳ «ቁርባጆግ» ይላቸዋል። እኔ ቁርባጆግ እንደ ኢንጂነር ያለ የሥራ ስም ይመስለኝ ነበር። ሥራውም ምሳ መጋበዝና ማመስገን መሰለኝ፤ አዴር ጃማ ሌላ ሲሠራ አላየሁትምና። ከመምጣቱ በፊት አባቴ በሩን ሰማያዊ ቀለም ቀባ፤ ቀለሙ ከድሮው ጋር አንድ እንዲሆን ጣሳውን ይዞ ሱቅ ለሱቅ ዞረ።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ልማድ መናገር አለብኝ። እኛ ቤት እንግዳ አንድ ዕቃ ካደነቀ፣ ባለዕቃው «ውሰደው» ይላል። እንግዳው ደግሞ «በባለቤቱ ያምር» ብሎ ይመልሳል። በቃ፤ ሁለቱም ወጉን ጠብቀዋል፣ ዕቃውም ከቦታው አልተንቀሳቀሰም። እናቴ ቴርሞሷን በዚህ ዓይነት ለጎረቤቱ ሁሉ ሰጥታዋለች፤ ቴርሞሱ ግን ከቤት ወጥቶ አያውቅም። ይሄን የማያውቅ ልጅ ድሬዳዋም ሀርጌሳም የለም። «ውሰደው» ስንል ደስ ያለን መምሰልን እየተማርን ነው ያደግነው።

አዴር ጃማ እኛ ቤት በተጋበዘ ቀን ምሳ በልቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ወደ ግቢው ወጣ። ሙክታር ዋሄን ነበር። ኤዶ ፀሐይ ላይ ታነባለች። አዴር ጃማ ጎንበስ ብሎ ማንበቢያውን ከእጇ ወሰደ። አልጠየቃትም፤ ዝም ብሎ ወሰደው። እየገለባበጠ «ይሄን እዚህ ነው የሠራችሁት? እዚህ ሀርጌሳ? ማሻአላህ! ማሻአላህ!» አለ። ከኛ ጋር የሚያወራው በሶማሊኛ ነው። እሱም እንደ አባቴ ድሬዳዋ ተወልዶ ያደገ ነው፤ አማርኛውን ግን «ትቼዋለሁ» ይላል፣ ሲጋራ እንደተወ ሰው።

ሁላችንም ኤዶን አየናት። እሷም ፈገግ አለች፤ ወጉ ነውና።

«ከወደድከውማ ውሰደው» አለችው።

ሁላችንም ደግሞ እሱን አየነው። ተራው የሱ ነበር።

«ጀዛኪላህ ኸይር!» ብሎ አመሰገናት አዴር ጃማ። «ልጆቼ ይሄን ቢያዩ ያብዳሉ!» ትከሻው ላይ ያንጠለጠለውን የቆዳ ቦርሳ ከፈተ፣ ከተተው፣ ዚፑን ዘጋ።

አባቴ ሳቀ። እናቴ ቴርሞሷን ይዛ እንደቆመች ቀረች። የኤዶ እጅ ጉልበቷ ላይ፣ ማንበቢያው እንደነበረበት፣ ተከፍቶ ነበር። አልዘጋችውም።

አዴር ጃማ መኪናው ውስጥ ገብቶ ሞተር ሲያስነሳ አባቴ የቻርጅ ገመዱን የቤቱ መስኮት ላይ አየው። «ኢክራም! ገመዱን ረስቷል፤ ሮጠሽ ስጪው!» አለኝ። ሮጬ ሰጠሁት። በመስኮቱ ጭንቅላቴን ዳበሰኝና «ጎበዝ!» አለ። ከዚያ «እንዲያው ይሄ የሐበሻ ፊደል በምን ይጠፋል? የኔ ልጆች አያነቡትም» ብሎ ጠየቀኝ። «ሙክታር ነው የሚያውቀው» አልኩት በትሕትና። ያቺን ትሕትናዬን ዛሬ ባገኛት በጥፊ እላት ነበር።

እኔ ግን ያኔ ገና አልተናደድኩም። ልጅ ነበርኩ። «በባለቤቱ ያምር» የሚለው ቀርቶ እንደቀረ አልገባኝም። ምናልባት እነሱ አገር ሁለተኛው ግማሽ በነጋታው የሚባል መሰለኝ። በነጋታው ከቁርዓን ቤት ቀርቼ በሩ ላይ ተቀመጥኩ። ሰማያዊው ቀለም ገና ይለቅ ነበርና ቀሚሴ ጀርባው ሁሉ ሰማያዊ ሆነ። በሦስተኛው ቀን አባቴ አዴር ጃማን ኤርፖርት ሸኝቶ ሲመለስ እዚያው አገኘኝ። «ምን ታደርጊያለሽ?» አለኝ። «የሚመልሰውን እጠብቃለሁ» አልኩት። በጎኔ አልፎ ገባ።

የሙክታርና የአባቴ ጠብ የጀመረው ያኔ ነው። ሙክታር እስከዚያ ድረስ ኤዶ አውሳው መስሎት ነበር።

«ለምን ዝም አልክ?» አለው አባቴን። «አንተ እያለህ!»

«ድምፅህን ቀንስ። የተቀመጥክበት ቤት የማን ነው?»

«ቤቱ የሱ ነው። የሷ ዓይንስ የማን ነው?»

አባቴ ሊመታው ተነሳ። ኤዶ ከውስጥ «በቃችሁ!» አለች። «ውሰደው ያልኩት እኔ ነኝ።»

«እንዲወስደው ነው ያልሽው?» አላት ሙክታር።

«ረስቶት ነው» አለች ኤዶ። «እዚያ አገር እንዲህ አይባባሉም ይሆናል። ብዙ ዓመት ነው፤ ሰው ይረሳል።»

ሁላችንም ይቺን ቃል ያዝናት። ረስቶት ነው። እናቴ ለጎረቤት ስትናገር ረስቶት ነው፤ አባቴ ለራሱ ሲያጉተመትም ረስቶት ነው። የረሳን ሰው ይቅር ማለት ቀላል ነው።

ሙክታር ሌላ ስክሪን አዘዘ። ነጋዴው «በሚቀጥለው ጭነት» ይላል። የሚቀጥለው ጭነት መጣ፤ በውስጡ የመጣው ስክሪን የተሳሳተ ሆኖ ከቦርዱ ጋር አልገጥም አለ። እንደገና ታዘዘ። ኤዶ በዚህ ሁሉ ጊዜ በቀትር ወንበሯን ማውጣቷን አልተወችም። ባዶ እጇን ፀሐይ ላይ ትቀመጣለች። አንድ ቀን አብራ የተቀመጠችውን እናቴን «ሐዋ» ብላ በጎረቤት ስም ጠራቻት። እናቴ «አቤት» አለቻት፤ አላረመቻትም።

እኔ ከሙክታር ኮምፒውተር ላነብላት ሞከርኩ። ፊደል እየቆጠርኩ፣ አንዷን ዓረፍተ ነገር ሳልጨርስ ሻዩ ይቀዘቅዛል። ኤዶ ታግሳ ታግሳ «ተይው የኔ ልጅ፤ በዚህ አካሄድ ሴትዮዋ አሰብ ሳትደርስ እኔ እሞታለሁ» አለች። እየሳቀች ነው ያለችው። እኔ ግን ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ረገጥኩት።

መስከረም አካባቢ አዴር ጃማ ደወለ። አባቴ ስለ ጤናው፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ዝናቡ ጠይቆ ጠይቆ፣ በመጨረሻ ጉሮሮውን ጠርጎ «ያቺ ዕቃ እንዴት ሆነች?» አለው። ስልኩ ድምፅ ማጉያ ላይ ስለነበር ሁላችንም ሰማን። «የትኛዋ? አ... እሷ! ልጆቹ ሁለት ቀን ተጫወቱባትና ሰለቻቸው። መሳቢያ ውስጥ ናት።»

መሳቢያ ውስጥ።

የተናደድኩት ያን ቀን ነው። ማንበቢያው ባትሪው ቢያልቅም ገጹ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ስለዚህ ለንደን ውስጥ፣ በአንድ ጨለማ መሳቢያ፣ ሴትዮዋ በጭነት መኪናው ላይ እንደተቀመጠች አለች ማለት ነው። ፊደሏ አለ፣ ማንም አያነባትም። እዚህ የምታነባት ሰው ደግሞ ዓይኗ በየሳምንቱ እየተነሳ እየሄደ ነው። ኤዶን አየኋት። መቁጠሪያዋን እየቆጠረች ነበር፤ ጣቷ አንዷ ዶቃ ላይ ቆሞ ቀረ።

ትክክለኛው ስክሪን የደረሰው ብርዱ ሲገባ ነው። ሙክታር በሁለት ቀን ገጣጠመው፤ ፊደሉ ተዘጋጅቶ ስለቆየ እንደ በፊቱ አላስቸገረም። ኤዶ ፀሐዩ ላይ ተቀመጠች። በሐምሌ የተወችው መጠን ላይ አበራላት፤ አንድ ገጽ ላይ አስር መስመር ያህል ነበር። ራሷን ነቀነቀች። አተለቀው። ነቀነቀች። እንደገና አተለቀው። ስክሪኑ በየጊዜው ይጠቁራል፣ ይነጣል፣ ፊደሉ ያብጣል፣ መስመሩ ይቀንሳል። «አሁንስ?» «አይ።» «አሁንስ ኤዶ?»

ያየችው ገጹ ላይ አንድ ቃል ብቻ ሲቀር ነው።

ሙክታር ተነስቶ ወደ ውስጥ ገባ። ኤዶ ግን ቁልፉን ተጫነች። ጥቁር፣ ነጭ፣ አንድ ቃል። ተጫነች። ጥቁር፣ ነጭ፣ አንድ ቃል። «ትሄዳለች» አለችኝ፣ እንዳላዝን ብላ። «ቀስ ብላም ቢሆን ትሄዳለች።» ያኛው በአዴር ጃማ መሳቢያ ተቀምጦ ሳለ አስር መስመር የነበረው እንዴት አንድ ቃል እንደሆነ የሚያስረዳኝ ሰው ካለ ዛሬም ለመስማት ዝግጁ ነኝ።

በዚያው ወር አዴር ጃማ ለወንድሙ ልጅ ሠርግ ተመልሶ መጣ። አባቴ አሁንም በሩን ቀለም ቀባ። ምሳ ተበላ። እናቴ ሻይ ስትቀዳ አዴር ጃማ ቴርሞሱን አይቶ «ማሻአላህ፣ ይሄ ቴርሞስ እስካሁን አለ? የድሮ ዕቃ እኮ ጠንካራ ነው» አላት።

«ውሰደው» አለች እናቴ፣ ከልማድ።

«አይ፣ አይ! በባለቤቱ ያምር» አለ አዴር ጃማ።

በአማርኛ ነው ያለው። በተወው አማርኛ። ምንም አላመነታም፤ ቃሉ ከአፉ የወጣው እንደ ራሱ ስም ነው። ብርጭቆ እያደልኩ ነበርና የመጨረሻውን ይዤ ቀረሁ። ቀና ስል ሙክታር እያየኝ ነው። አባቴ ደግሞ መሬት መሬት ያያል። አልረሳም ነበር። ያኔም አልረሳም። አሮጌ ቴርሞስ ስለማይፈልግ ወጉን ያውቀዋል፤ የፈለገው ነገር ላይ ሲደርስ ግን ወጉ ይጠፋበታል። አምስት ወር ሙሉ ይቅር ያልነው ሰው ይሄ ነው።

ሻዩን ጠጥቶ ወደ ግቢው ወጣ። ሁላችንም ተከትለነው ወጣን፤ እንግዳ ብቻውን አይተውም። ኤዶ በወንበሯ ላይ ናት።

«አዲስ ሠራችሁ?» አለ። «ማሻአላህ! ይሄኛውማ ይበልጣል! ያኛዋ እኮ ተበላሽታብኝ...» እጁን ዘረጋ።

አሁን መባል ያለበትን ቃል ሁላችንም እናውቀዋለን። አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «ፎውዚያ» አላት ቀስ ብሎ።

ኤዶ ቀና አላለችም።

«እያነበብኩ ነው» አለች።

«ኧረ ችግር የለም፣ ገጹን ጨርሺ» አላት አዴር ጃማ፣ እጁን እንደዘረጋ።

ቁልፉን ተጫነች። ጥቁር፣ ነጭ፣ አንድ ቃል። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ተጫነች። ጥቁር፣ ነጭ፣ አንድ ቃል። አዴር ጃማ ገጹ እስኪያልቅ ይጠብቃል። ገጹ ያልቃል፣ ሌላ ይመጣል፣ እሱም ያልቃል። ፀሐዩ መላጣው ላይ ወጥቶበታል። ላቡ በጆሮው ሥር ወረደ። እጁ ቀስ በቀስ ዝቅ ማለት ጀመረ፤ ከዚያ ኪሱን እንደሚፈልግ ሰው ወረደ።

አባቴን አየሁት። ለአንዲት ሚስማር ለንደን የሚደውለውን አባቴን። ከንፈሩ ተከፈተ፤ «ውሰደው» የሚል መስሎኝ እጄ ላይ የቀረውን ብርጭቆ ልጥለው ነበር።

«ጃማ» አለው። «ፀሐዩ ይመታሃል። ጥላ ግባ።»

ኤዶ ቁልፉን ተጫነች።